በሁለት ገመድ ሰበብ ከአጋሮ በላይ

ሰኞ፣ ከቤት እስከ አጋሮ

ሰኞ ጠዋት ከልጄ ከመሠረት ጋር ጅማ ካለው ሰፈራችን ከመንደራ ቆጪ ተነሣን። የምንሄደው ከአጋሮ በላይ ወዳለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ነው። ሥራው የእሷ ነው፤ እኔ ሸኚ ነኝ። ሸኚ ነኝ ልበል እንጂ የራሴም ጉዳይ ነበረኝ፤ እሱን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል።

መሠረት ኮምፒውተር ተምራ ከጨረሰች ወዲህ ጅማ ላለ አንድ የግል ድርጅት ትሠራለች። የመሥሪያ ቤቶችን ኮምፒውተር በገመድ ማገናኘት ነው ሥራዋ። ይሄን ማኅበር ያገናኘው ግን ከእሷ በፊት የነበረ ሰው ነው። እሱ ለቅቆ ሄደ፣ ጣጣው ለእሷ ተረፈ። ሁለት ጊዜ ሄዳ ጠገነችው። ሁለቱንም ጊዜ እየሠራ ትታው ወጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስትመለስ ገና የቡ ከተማ ላይ ሳለች ስልክ ተደወለላት። "ሞቷል" ይሏታል። በቃ፣ ሌላ ቃል የላቸውም።

ቅዳሜ ዕለት አለቃዋ ጠራት። "ረቡዕ ከሰዓት ከቡና ማኅበራቱ ዩኒየን ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ያን ጊዜ ካልሠራ ሐሙስ ቢሮ እንዳትመጪ" አላት። ቤት ገብታ ምሳ ሳትቀምስ ተኛች።

እኔ ደግሞ ሥራዋን አልወደውም፤ ይሄን ከማንም አልደበቅሁም። ቦርሳ አንግታ በየገጠሩ ስትንከራተት፣ በጭነት መኪና ስትላጋ ማየት ሰልችቶኛል። ወደ ጅሬን መውጫ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የማውቀው ሰው አለ። የጸሐፊነት ቦታ እንዲሰጣት ለምኜው እሺ ብሎኛል፤ የሚጠብቀኝ ግን እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። እሑድ ማታ አስቀምጬ ነገርኳት።

"ይኼ ነገር ሦስተኛ ከሞተ ጅሬን ትገቢያለሽ።"

"ከሠራስ አባባ?"

"አይሠራም።"

"ከሠራስ አልኩህ?"

"ከሠራ አፌን እዘጋለሁ።"

"እማዬ ሰምተሻል?" አለች።

እናቷ ከጓዳ ሆና "ሰምቻለሁ" አለች። "አንተም አብረሃት ሂድ። በዓይንህ ካላየህ መቼ ታምናለህ?"

እንግዲህ ጉዞው የተቆረጠው እንደዚህ ነው። ባጃጅ ይዘን መናኸሪያ ደረስን። አንድ ረዳት "አጋሮ! አጋሮ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። ገብተን ስናይ ከሾፌሩ ጋር አራት ሰው ነን።

"አንተ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው አላልክም?" አልኩት።

"አዎ አባባ፤ አንድ አንድ እያለ ነው የሚሞላው" አለኝ። ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጉልበቴን የምዘረጋበት ቦታ እየፈለግሁ ነበር። ጋቢና ካልተቀመጥኩ አልሄድም ብዬ ጋቢናውን ያዝኩ። መኪናው እስኪሞላ ፀሐዩ ጠነከረ።

በዚህ መንገድ በጉልበቴ ዘመን ቡና የጫነ መኪና ነድቼበታለሁ። እያንዳንዱን ጠመዝማዛ ወገቤ ያስታውሰዋል። ጠገኑት ሲባል ይቆፈራል፣ ተቆፈረ ሲባል ይዘንባል። ከየቡ ወዲያ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከላይ ዋንዛና ብሳና ጥላ ይጥልበታል። ወሩ ኅዳር ስለሆነ ቅጠሉ መሐል ቀይ ቀይ ያለው ፍሬ ይታያል፤ ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይውላሉ። ወንዝ በተሻገርን ቁጥር የቡና ገለባ ሽታ ይመጣል። ማጠቢያዎቹ የሚለቁት ውኃ ነው፤ የጎመዘዘ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሽታ ነው። አዲስ ሰው ያቅለሸልሸዋል። መሠረት ከኋላ ተቀምጣ አንገቷ እየተሰበረ ተኝታለች። ሌሊቱን አልተኛችምና ዝም አልኳት።

አጋሮ ለምሳ ደረስን። ሩዝ በሥጋ በላን፤ ሥጋው ሩዙ ውስጥ የጠፋ ነው። አስተናጋጇ "ጣፈጠ አባባ?" ብትለኝ "ሩዙ ጥሩ ነው፤ ሥጋ ያልሽው ግን ገና አልደረሰም" አልኳት። ፓፓያ ጨመረችልኝ፣ በነፃ።

ከአጋሮ በላይ ሚኒባስ አይሄድም። ሁለት ሞተረኞች መጡና ከኋላችን ተፈናጠጡ አሉን። ሞተር ላይ ከምወጣ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል አልኩ። መሠረት "በእግር እስከ ነገ ነው አባባ" አለች። "እስከ ነገ ይሁና" አልኩ። ተነፈሰችና መንገድ ዳር ቆመች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ባዶ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ሾፌሩ ድሮ እንደነዳሁ ሲሰማ ጋቢና አስገባኝ፤ እሷም መሐል ገባች። ጭቃው መኪናውን እንደ ሰካራም ይወስደዋል ይመልሰዋል። ወገቤ የት እንዳለ ጠፋብኝ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ማኅበሩ ግቢ

ማኅበሩ ዳገት ላይ ነው። በአንድ በኩል ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ፣ በሌላ በኩል ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን አለ፤ በመሐላቸው ቡና የሚሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች ተደርድረዋል። ሴቶች አልጋዎቹን ከበው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ቢሮው በር ላይ የተቀበለችን ዘይነባ ናት፤ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የመሠረት እኩያ።

"አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋላችሁ! መጣሽልን መሲ። ማሎ፣ በሞቴ፣ አባትሽን ነው ያመጣሽው?" አለች።

"እሱ ነው እኔን ያመጣኝ" አለች መሠረት። "አሁንም ሞቷል?"

"ሞቷል። መብራቶቹ ሁሉ እንደ እብድ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ የሚዛኑ ቁጥር ግን ከመጋዘን ወደዚህ እንኳ አይደርስም። ዩኒየኑ ጋ መድረሱንማ ተዪው።"

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ገበሬው ቀይ ቡናውን ሲያመጣ መጋዘን በር ላይ ይመዘናል። ሚዛኑ ያለው ቁጥር እዚያው ባለ ኮምፒውተር ይገባል፤ ከዚያ በገመድ ቢሮ ይደርስና ጅማ ዩኒየኑ ዘንድ ይሄዳል። ቢሮ ውስጥ ገመዶች የሚሰኩበት ሳጥን አለ፣ መጋዘንም አንድ አለ። ስዊች ይሉታል። ብዙ ቀዳዳ ያለው ብረት ሳጥን ነው፤ ቀዳዳውን ፖርት ይሉታል።

የቢሮውን አየን። መጋዘኑን ለማየት ስንሄድ ግን በሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። የአንዱ መክፈቻ ሊቀመንበሩ አባ መጫ ዘንድ ነው፣ የሌላው የመጋዘን ኃላፊው ጀማል ዘንድ። ሁለቱ ባንድ ላይ ካልቆሙ መጋዘኑ አይከፈትም፤ ቡና ያለበት ቤት ነውና። ያን ቀን ጀማል ነበረ። አባ መጫ ማዶ ቀበሌ ለቅሶ ሄደዋል።

"መቼ ይመለሳሉ?" አልኩት ጀማልን።

"ነገ፣ ኢንሻ አላህ።"

"መክፈቻውን ለሰው አይልኩም?"

"ወላሂ አባባ፣ ሚስታቸውም አታገኘውም። በክር አንገታቸው ላይ ነው።"

መሠረት ቢሮው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ቀን ተበላ። እኔ በልቤ "ጅሬን ቀረበች" አልኩ፤ ፊቷን ሳየው ግን ያሰብኩትን ያህል ደስ አላለኝም። ዘይነባ ቤተሰቦቿ ቤት ወሰደችን። ቆሎና ማር ቀረበልን፣ መደብ ላይ ተነጠፈልን። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ቁንጫቸው ግን እንግዳ አያከብርም።

ማክሰኞ

አባ መጫ ጠዋት መጡ። ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ፣ ረጅም፣ ከዘራ የያዙ ሰው ናቸው። ሰላምታው ራሱ ብዙ ወሰደ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ከዚያ መክፈቻውን ከአንገታቸው አወጡ፣ ጀማልም ከኪሱ። እየተያዩ ከፈቱ። ያስተያየታቸው ነገር ያኔውኑ አላማረኝም።

መሠረት ሳጥኑን እንዳየች እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ይሄን ገመድ ማነው የመለሰው?"

ሁለት ገመድ ነው፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ግራጫ። ሁለቱም ከመጋዘኑ ሳጥን ወጥተው ቢሮው ሳጥን ይገባሉ። ሰማያዊው በሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ሥር ያልፋል፤ ግራጫው በመስኮት ወጥቶ ከቡናው አልጋዎች በላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል።

"በመጀመሪያው ጊዜ ነቅዬ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት" አለች። "በሁለተኛውም ነቅዬ፣ እንዳትሰኩት ብዬ ለዘይነባ ነገርኳት።"

"እኔም ነገርኳቸው" አለች ዘይነባ። "'አንቺ የማን ወገን ሆነሽ ነው?' አሉኝ።"

ጀማል ጉሮሮውን ጠረገ። "በመጀመሪያው ጊዜ ረስታው ሄደች ብለን ነው የመለስነው። በሁለተኛው ግን አልረሳሽም፤ ገባን። ግን መነቀል አይችልም እህቴ። በግምገማ የተወሰነ ነው።"

"ምኑ?"

"ሁለት መስመርነቱ።"

ነገሩን ቀስ ብለን አወጣነው። ባለፈው ዓመት ማኅበሩ ግምገማ ተቀምጦ ነበር። ከታችኛው መንደር ያሉ አባላት ተነሥተው፣ የመጋዘኑ ገመድ በሊቀመንበሩ እግር ሥር ነው የሚያልፈው፣ ቢነቅለው የሚዛናችን ቁጥር የት ይገባል፣ አሉ። አባ መጫ እንዲህ ሲባሉ ቀኑን ሙሉ ቆመው ዋሉ። ሂስ አልቀበልም አሉ፣ ተቀበል ተባሉ። ማታ ላይ ለማስታረቅ አንዱ ተነሣና፣ ለመጋዘኑም የራሱ መስመር ይዘርጋለት፣ እኩል ይሁኑ አለ። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። የተረፈ ግራጫ ገመድ ነበረ፤ ራሳቸው ዘረጉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ነገሩ የሞተው። ገመዱ ነው ብሎ ያሰበ ግን ማንም የለም። አንዱን መንቀል አንዱን ወገን መንቀል ሆኖባቸዋል።

እኔ ሰለቸኝ። ፓፓያ የምቆርጥበት ሰንጢ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ አወጣኋት። "አንዱን ቆርጬ ልገላግላችሁ፤ የቱን?" አልኩ።

አባ መጫ በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

"ኦቦ ወርቁ፣ እንግዳችን ነህ። ሰንጢህን ክተት።"

"አባባ ተው" አለች መሠረት። ሰንጢዬን ከተትኩ። እሷ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን በእጇ ይዛ። ያለቀላት መሰለኝ። ቆይታ ግን ቀና አለች።

"ማንም አይንቀል" አለች። "ሁለቱም ይኑሩ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ለምን እንደሰካችሁት አልጠየቅኳችሁም። ሁለት ገመድ መኖሩ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢበጠስ አንዱ አለ። ክፉው ሁለቱ ባንድ ጊዜ ክፍት መሆናቸው ነው።"

"ክፍት ቢሆኑ ምን አለበት?" አሉ አባ መጫ።

"አንድ ኮምፒውተር ሌላውን ሲፈልግ 'የት ነህ?' ብሎ ይጣራል። ሳጥኑ ያን ጥሪ በየቀዳዳው ሁሉ ያወጣዋል። በሰማያዊው ወጥቶ እዚያ ሲደርስ፣ ያኛው ሳጥን ደግሞ በግራጫው ይመልሰዋል። ይሄኛው አዲስ ጥሪ መስሎት እንደገና በሰማያዊው ይልከዋል። ማቆሚያ የለውም። አንድ ጥሪ ሺህ ሆኖ ይሞላዋል፤ እውነተኛው ቁጥር ማለፊያ ያጣል።"

"ግምገማው ነዋ!" አለች ዘይነባ። ጀማል ሳቀ፣ አባ መጫ አልሳቁም።

ሳጥኖቹ ይሄን የሚከላከሉበት ሥርዓት አላቸው፤ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። ሳጥን ለሳጥን በየጊዜው መልእክት ይላላካል፤ የራሱ መልእክት በሌላ መንገድ ዞሮ ሲመጣበት ሁለት መንገድ እንዳለ ያውቅና አንዱን ቀዳዳ ይዘጋል። ታዲያ ለምን አልዘጋም? በፊት የነበረው ሠራተኛ ችኩል ኖሯል። ሳጥኑ አዲስ ገመድ ሲሰካበት ጥቂት አዳምጦ ነው የሚከፍተው፤ ሰውየው ማዳመጡ አላስቻለውምና ሁሉንም ፖርት፣ ሳጥን ለሳጥን የሚገናኝበትን ጭምር፣ ሳታዳምጥ ወዲያው ክፈት ብሎ አዘዘው። መልእክቱንም አትላክ አትስማ ብሎ አፈነው። ሥራዋ ይሄን መለየት ነው። ኮምፒውተር የተሰካባቸው ፖርቶች ወዲያው ይክፈቱ፤ ድንገት ሌላ ሳጥን ቢሰካባቸው ግን ራሳቸውን ይዝጉ። ሁለቱ ሳጥኖች የሚገናኙባቸው ፖርቶች ደግሞ እየተሰማሙ፣ እያዳመጡ ይክፈቱ።

ላፕቶፕዋን ጆንያ ላይ አስቀምጣ በጠፍጣፋ ገመድ ከሳጥኑ ጋር አያያዘች። እኔ ፊደል የለየሁት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የፈረንጁን አላውቀውም። ዝም ብዬ ጣቶቿን አየሁ። አንድ ፖርት ትጽፋለች፣ ታያለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። የሚያዝናና ነገር የለውም። ጀርባዋ ጎብጦ ዋለ። አንዲት ሴት ቆሎ አምጥታላት ሳትነካው ቀረች። የመጋዘኑን ጨርሳ፣ የቢሮውን ጨርሳ፣ "አሁን ላስቀምጠውና" ብላ ወደ መጋዘኑ ስትመለስ መብራት ሄደ።

ሁላችንም አምፖሉን አየን።

"ካላስቀመጥሽው ምን ይሆናል?" አልኳት።

"ሳጥኖቹ ሲነሡ የድሮውን ነው የሚያስታውሱት። ሁሉም ጠፋ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም አባባ። አትጠይቀኝ።"

ጄኔሬተር አለ፤ ለቡና መፈልፈያው ነው፣ ለቢሮ አይሰጥም። እስከ ማታ ጠበቅን፣ መብራት አልመጣም። ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ ቆለፉና ሄዱ። እሷ ወደ ዘይነባ ቤት ስትወርድ ከኋላዋ ሄድኩ። ቦርሳዋን ልያዝልሽ አልኳት፤ እንቢ አለች።

ረቡዕ ጠዋት

መብራት መጥቷል። ሁለቱ ባለ መክፈቻዎችም ተገኙ። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች፤ ያንኑ እንደገና ከሀ አንሥታ። አሁን ግን ከእያንዳንዱ ሳጥን በኋላ ታስቀምጣለች። ከዩኒየኑ የሚመጡት ሰዎች አጋሮ አድረው መንገድ ላይ ናቸው ተባለ። አለቃዋ ደወለ፤ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

"እጇ ሥራ ላይ ነው" አልኩት።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አባቷ ነኝ። ኋላ ደውል" ብዬ ዘጋሁት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ጨርሳ ስትነሣ የመጋዘኑ ሳጥን እብደቱን ትቶ ነበር። መብራቶቹ ቀስ ብለው ብልጭ ይላሉ። የሚዛኑ ቁጥር ቢሮ ደረሰ፤ ዘይነባ ከማዶ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ስትጮህ ሰማናት። እኔ አልቋል ብዬ ኮቴን ማራገፍ ጀመርኩ። ጀማል ግን ሳጥኑን ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

"የእኛ ለምን ቢጫ ሆነ?"

እውነትም የሰማያዊው ገመድ መብራት አረንጓዴ ነው፤ የግራጫው ቢጫ ነው።

"ያኛው ይሠራል፤ ይሄኛው ይጠብቃል" አለች መሠረት። "ሳጥኑ ራሱ ነው የመረጠው።"

"እኛ ታገድን ማለት ነው? ታችኛው መንደር ይሄን ካየ እኔ እዚህ አላድርም!"

"እለውጠዋለሁ። የፖርቱን የቅድሚያ ቁጥር ብቀይር ያንተ ይሠራል፣ ሰማያዊው ይጠብቃል።"

"የማን ነው የሚታገደው?" አሉ አባ መጫ ከበሩ። "የሊቀመንበሩ? ባለፈው አንድ ቀን አቆሙኝ፤ አሁን ደግሞ ቢጫ መብራት ያበሩብኛል?"

ጩኸት ሆነ። ለቃሚዎቹ ሴቶች ሳይቀሩ መጡ። ይሄኛው "እኩል ተብሏል" ይላል፣ ያኛው "በክብሬ" ይላል። መሠረት መሐል ቆማ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ታያለች። መኪናው ደግሞ ዳገቱን እየወጣ ይሆናል።

እኔ ጉልበቴ አልቻለም። የቡና ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩና ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ለማስታረቅ ብዬ ሳይሆን ደክሞኝ ነው።

"አባ መጫ፣ እርስዎ ቤት ደቦ ሲኖር ማነው ቆሞ የሚሠራው?"

"ወጣቱ ነዋ።"

"እርስዎስ?"

"እቀመጣለሁ።"

"ታግደው ነው?"

የተቀመጥኩበትን ጆንያ አዩ።

"እኔም ይኸው ተቀምጫለሁ። ልጄ ሁለት ቀን ቆማ ትሠራለች፣ እኔ ጆንያ ላይ ነኝ። ይሄ ውርደት ከሆነ የሁላችን ሽማግሌዎች ውርደት ነው። ቆሞ የሚሠራው ቢወድቅ የሚነሣው የተቀመጠው ነው። ሳጥኑም የሚለው ይሄንኑ መሰለኝ፤ እንዲያ ነው መሠረት?"

"እንዲያ ነው" አለች።

አባ መጫ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሴቶቹን አዩ፣ ጀማልን አዩ። "ጃርሳ ነኝ፣ ሽማግሌ" አሉ በመጨረሻ። "ሰማያዊው ይቀመጥ። የወጣቶቹ ይሥራ። ቢወድቁ ግን እንነሣለን። ይሄንንም በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ።"

"በደስታ!" አለች ዘይነባ።

"መነሣቱን ግን በዓይኔ ልይ" አሉ።

መሠረት የሰማያዊውን ፖርት የቅድሚያ ቁጥር ቀየረች። ግራጫው አረንጓዴ፣ ሰማያዊው ቢጫ ሆነ። ከዚያ በሁላችን ፊት ግራጫውን ነቀለችው። ጀማል "ወይኔ" አለ። ምንም የለም፤ ሰማያዊው ቢጫ እንደሆነ ቆየ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሆናል፣ ለእኔ ግን ከአጋሮ ዳገት ይረዝም ነበር። "እያዳመጠ ነው" አለች በሹክሹክታ። አባ መጫ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ታመመ ሰው ሳጥኑን ያያሉ። ድንገት አረንጓዴ በራ። ዘይነባ ከቢሮ "ደረሰ!" አለች። ሽማግሌው ቀና ብለው ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ። ግራጫውን መልሳ ሰካች፤ ቆይቶ እሱ ሥራውን ያዘ፣ ሰማያዊው ተቀመጠ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ መመለሻ

የዩኒየኑን ሰዎች መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተላለፍነው። እኛ አይሱዙ ውስጥ ነን፤ አሁን ቡና ጭኗል፣ ይከብዳል። እሱ ካመለጠን ሌላ መኪና ስለማይገኝ እንግዶቹን ሳንጠብቅ ነው የወጣነው። አጋሮ ምሳ አልበላንም፤ ሁለታችንም አልራበንም። ሚኒባስ ስንገባ ጋቢናውን ለእሷ ለቀቅሁላት። "ጉልበትህስ?" አለችኝ። "ዝም ብለሽ ግቢ" አልኳት።

መንገዱ ሁሉ ስልኳ እጇ ላይ ነበር። ታየዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ታየዋለች። ሁለቱንም ጊዜ የተደወለላት የቡ ላይ ነው። የቡ ስትቀርብ አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። እኔ በልቤ ከትናንት ወዲያ ይሙት ያልኩትን ነገር አትሙት እያልኩ እንደምለምን ያወቅሁት እዚያ ላይ ነው። ገበያው ታየ። ሸንኮራ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ስልኩ ጮኸ።

አላነሣችውም። ዞራ አየችኝ።

"አንሺው እንጂ" አልኳት።

ዘይነባ ነበረች፤ ድምፅዋ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። "መሲ! ወዛደሮቹ ጆንያ ተሸክመው ሲያልፉ ግራጫውን ገመድ በጠሱት! እንግዶቹ ቆመው እያዩ!"

መሠረት ዓይኗን ጨፈነች። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ አባ መጫ 'ማንም እንዳይነካ፣ እያዳመጠ ነው' ብለው ከዘራቸውን ዘርግተው በሩን ዘጉ። ትንሽ ቆይቶ በራ። ሚዛኑ እየሠራ ነው። እንግዶቹ መበጠሱን እንኳ አላወቁም። ሽማግሌው አሁን የማይናገሩት የለም፤ 'የተቀመጥነው ወድቀን አይደለም፤ ስትወድቁ ልንነሣ ነው' እያሉ ጀማል ላይ ያሾፋሉ። አባትሽን ሰላም በያቸው።"

ስልኩን ዘጋች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከኋላ ሆኜ አለየሁትም። ረዳቱ "ምን ሆነች አባባ?" አለኝ። "ሥራዋ ሠርቶላት ነው" አልኩት።

ቤት የደረስነው ሲመሽ ነው። እናቷ በሩን ከፍታ እሷን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እህስ፣ አፍህ?" አለች። በእጄ ዘግቼ አሳየኋት።

ሐሙስ ጠዋት መሠረት ያን ከባድ ቦርሳ አንግታ ወደ ቢሮዋ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥቼ፣ የት ነው፣ በምን ትሄጃለሽ፣ ማን አለ፣ እያልኩ እስከ አስፋልቱ እከተላት ነበር። ያን ዕለት ደጃፍ ላይ ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጥጉ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ፤ የምከተላት መስሏት ነው። እጄን አነሣሁላት። ከዚያ ባጃጅ ጠርቼ ወደ ጅሬን ወጣሁ፣ ለዚያ ለማውቀው ሰው ቦታውን ለሌላ ስጥ ልለው።